ከዑመር (ረ.ዐ) የሌሊት ጉዞ የምንማረው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ለጨቅላ ሕፃናት ጤና ገንዘብ የሚሰበሰብበት የእግር ጉዞ እናድርግ ስንባባል ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። ገንዘቡን እዚሁ ማዋጣት እየተቻለ መራመዱ ምን ይጠቅማል? ብሩስ አብዛኛው ነዋሪ ክርስቲያን ለሆነበት ለላስታ ቢውል አጅር አለው?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) መልስ ይሆኑናል። በዘመናቸው ከበይተል ማል ለሕፃናት ድጎማ ይሰጥ የነበረው ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። እንደተዘገበው አንድ ሌሊት መዲና ዳር ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። እናቱን ሲጠይቁ፣ ድጎማውን ለማግኘት ብላ ያለጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር አለቀሱ፤ ድጎማው ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ እንዲሰጥም አዘዙ። ቤታቸው ተኝተው ቢሆን ኖሮ ያንን ልቅሶ ባልሰሙት ነበር።

እኛም ከዶርም ወጥተን እንስማ። በገነተ ማርያም ዙሪያ እንዳሉት ባሉ የላስታ ተራራማ መንደሮች፣ መኪና በማይገባበት ሁሉ፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ትወሰዳለች። ካርታ ላይ አጭር የሚመስለው መንገድ በሰው ትከሻ ሲሆን ረጅም ነው። በ2011 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር ሞተዋል፤ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት 48 ብቻ ነበሩ። ዋናዎቹ ገዳዮች ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ብዙዎቹ ሕፃናት ሐኪም ቤት በጊዜ ቢደረስ ይተርፋሉ።

ለዚህ ነው ብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ያዘጋጁት፤ መውለጃዋ የደረሰ እናት ምጥ ሳይመጣ ቀድማ ገብታ ትቆይበታለች። ማቆያው ግን የገንፎ እህል፣ ቡና፣ ማገዶና ብርድ ልብስ ይፈልጋል። የጉዟችን ገንዘብ እዚህ ላይ ቢውል መልካም ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። ሱረቱል ኢንሳን ድሃን፣ የቲምንና ምርኮኛን የሚያበሉ ሰዎችን ያወድሳል። ያኔ በሙስሊሞች እጅ የሚገኘው ምርኮኛ ሙስሊም እንዳልነበረ እናስተውል። ሰደቃ የተቀባዩን ሃይማኖት አይጠይቅም። ዘካ ግን ስምንቱ ተቀባዮቹ በሱረቱ ተውባ ተለይተው ስለተቀመጡ ከጉዞው ገንዘብ ጋር አይቀላቀል፤ ሒሳቡ ለብቻው ይያዝ።

ስንራመድ ቃሬዛ የተሸከሙትን እያሰብን፣ ኒያችንን ከፎቶና ከይዩልኝ አጽድተን ይሁን። አላህ ይቀበለን፤ አሚን።