ያረጀ የወረቀት ገንዘብ ዋጋው ከየት ይመጣል?

ከመሳቢያ ውስጥ የቆየ የብር ኖት ያገኘ ሰው «ዛሬ ስንት ያወጣ ይሆን?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የኖት ዋጋ ሁለት ዓይነት ስለሆነ፣ አስቀድመን ሁለቱን እንለያቸው።

የመጀመሪያው የተጻፈ ዋጋ ነው፤ ይህም ኖቱን ያወጣው ባንክ በላዩ ያተመው መጠን ነው። ሁለተኛው የሰብሳቢ ዋጋ ነው፤ ይህም የቆየ ገንዘብን ገዝቶ ማኖር የሚወድ ሰው ፈቅዶ የሚከፍለው ነው። የተጻፈውን ዋጋ ሕግ ይሰጠዋል፣ ሕግም ይሽረዋል። የሰብሳቢውን ዋጋ ግን አዋጅ አያመጣውም፣ አዋጅም አያስቀረውም።

አባቶቻችን የተገበያዩበት ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ስለዚህ መንግሥት ቢለወጥም ማዕድኑ ይሸጣል። ወረቀት እንዲህ ያለ መጠጊያ የለውም። ሕጉ ከተወው የሚቀረው ተስፋ ሰብሳቢ ብቻ ነው።

ሕጉ በአገራችን እንዴት እንደሠራ እንመልከት። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች ይፋ ሲሆኑ፣ አሮጌዎቹን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ጊዜው ሲያልፍ የተጻፈ ዋጋቸውም አለቀ። የሌሎች አገሮች ሕግ ግን ከዚህ ይለያል። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1861 ወዲህ ያወጣቸው የዶላር ኖቶች እስከ ዛሬ በተጻፈባቸው ዋጋ ይጸናሉ። የእንግሊዝ ባንክም ከገበያ ያወጣቸውን ኖቶች ለሚያመጣለት ሰው ይለውጣል። እንግዲህ ያረጀ ዶላር ከተጻፈበት በታች አይወርድም፤ ያረጀ ብር ግን ወደ ምንም ሊወርድ ይችላል።

እስካሁን ያየነው ሕጉን ነው። አሁን ወደ ሰብሳቢው እንለፍ፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዕድሜንና ብርቅነትን አንድ ያደርጓቸዋልና። ዕድሜ ኖቱ ከታተመ ያለፈው ጊዜ ነው። ብርቅነት ደግሞ ከፈላጊዎቹ ቁጥር አንጻር የተረፈው ማነስ ነው። የአቢሲንያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. በጠገራ ብር የሚቆጠሩ ኖቶችን አወጣ። ሕዝቡ ግን ከወረቀት ይልቅ ብሩን ስላመነ ኖቶቹ ብዙም አልተሠራጩም፤ ስለዚህ ዛሬ ሲገኙ ሰብሳቢዎች ይሻሙባቸዋል። በአንድ ገጹ ሰፌድ የምትሰፋ ሴት፣ በሌላው ትራክተር የነበረበት የ10 ብር ኖት ግን በገፍ ታትሞ በየቤቱ የገባ ነው። ብዙ ሰው አንዳንድ ቅጠል ስላስቀረ፣ ጥቂት ዓመት መቆየቱ ብቻ ብርቅ አያደርገውም።

ብርቅ በሆነው ኖት ላይ እንኳ የይዞታው ሁኔታ ዋጋውን እጅግ ያራርቀዋል። ሰብሳቢ አስቀድሞ የሚያየው እጥፋቱን፣ ከዚያም ጠርዙን፣ የተጻፈበትን ቀለምና የተለጠፈበትን ፕላስተር ነው። ስለዚህ የቆሸሸ ኖት አይታጠብም፣ በካውያም አይተኮስም፤ የታጠበውን ልምድ ያለው ገዢ በመዳሰስ ያውቀዋል፣ ዋጋውንም ይቀንሳል። በመለያ ቁጥሩ የተነሣ የሚፈለግም አለ፤ ለምሳሌ አሃዞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆኑበት ወይም ከሕትመቱ መጀመሪያ የወጣ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው።

የመጨረሻው ልዩነት በተጠየቀ ዋጋና በተከፈለ ዋጋ መካከል ያለው ነው። ሻጭ ለአንድ ያረጀ ኖት ያሻውን ሊጠይቅ ይችላል፤ ገዢ እስካልተገኘ ግን ቁጥሩ የሻጩ ምኞት ነው። ስለዚህ ኖቱን ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ ከጥያቄው ይልቅ ተመሳሳይ ኖቶች በእርግጥ የተሸጡበትን ጠይቁ፤ አንዱን ገዢ ብቻ ሰምታችሁም አትወስኑ። እስከዚያው ሳታጥፉ በደረቅ ቦታ፣ በመጽሐፍ ገጾች መካከል ሳይሆን በንጹሕ ፖስታ አስቀምጡት፤ የመጽሐፍ ቀለምና አሲድ ወደ ወረቀቱ ይዛመታልና።