የማይነቃነቅ የአናጢ ጠረጴዛ ለመሥራት ብሎን እንዴት እንመርጣለን?



በእንጨት ሥራ ኑሮውን ለመደጎም የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ መጋዝና ስለ መላጊያ ነው። ይሁን እንጂ መጋዙም ሆነ መላጊያው በደንብ የሚሠራው እንጨቱን የምናሳርፍበት ጠረጴዛ ጸንቶ ሲቆም ነው። ጠረጴዛው ከተወዛወዘ ጉልበታችን ግማሹ ይባክናል፤ ቀጥ ያለ መስመር መቁረጥ ያስቸግራል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስለት እጅ ይጎዳል።

ይህን የምጽፈው ከደረሰብን ተነሥቼ ነው። ከተማሪዎቼ ጋር መጀመሪያ የሠራነው ጠረጴዛ በምስማር ብቻ የተያያዘ ነበር። የሠራነው በክረምት ስለነበር ለጊዜው ጠንካራ መሰለን። በጋው ሲገባ ግን እግሮቹ መላላት ጀመሩ። አንድ ቀን አንዱ ተማሪ በመሮ ሲፈለፍል ጠረጴዛው ሸሸበትና መሮው መዳፉን ቆረጠው። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ ምስማር ይበቃል ያልኩት የእኔ ነበር።

ምስማር፣ ቪቴና ብሎን

የጁባ ዝናብ በአብዛኛው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ከዚያ በኋላ ደረቁና ሞቃቱ ወቅት ይከተላል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ በወርዱና በውፍረቱ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። አገር ቤት በባሕር ዛፍ የሠራ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። በኢኳቶሪያ የሚበቅለው የቲክ እንጨት ከባሕር ዛፍ ያነሰ ቢኮማተርም ጨርሶ ከዚህ ነጻ አይደለም።

ምስማር የሚይዘው እንጨቱ ዙሪያውን ስለሚጨምቀው ብቻ ነው። እንጨቱ ሲኮማተር መጨመቁ ይቀንሳል፤ የላላ ምስማርን ደግመን ብንመታው ቀዳዳው ስለሰፋ አይጠብቅም። በካቻቪቴ የሚጠብቀው ቪቴ ከምስማር ይሻላል፤ ግን እንጨቱን የሚይዘው በቀጭን ጥርሱ ስለሆነ ተደጋጋሚ ንቅናቄ ቀዳዳውን ይበላዋል። ብሎን ግን ከዳር እስከ ዳር አልፎ ሁለቱን እንጨቶች በራሱና በዳዶው መካከል ጨምቆ ይይዛል። ሲላላ ዳዶውን በቁልፍ ማጥበቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለን ገንዘብ ጥቂት ከሆነ እግርና አግዳሚ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ለሚገባው ብሎን እናውለው። ቪቴ የጠረጴዛውን ገጽ ለማሰር ይበቃል።

አንድ ወይስ ሁለት ብሎን?

አንድ ብሎን ብቻ የገባበት መጋጠሚያ እንደ ማጠፊያ ነው፤ እንጨቱ በብሎኑ ዙሪያ ይዞራል። ሁለት ብሎን ሲሆን ግን አንዱ ሌላውን እንዳይዞር ይከለክለዋል። ሁለቱን በአንድ የእንጨት ጭረት መስመር ላይ አንሰርስር፤ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ጎን ለጎን አሸጋሽገን እናድርግ። የአግዳሚውም ጫፍ ከእግሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አልፎ ቢወጣ ጫፉ አይሰነጠቅም።

ውፍረትና ጥንካሬ

ለእንዲህ ያለ ጠረጴዛ 10 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ብሎን ተስማሚ ነው። ብዙውን ጊዜ በ17 ቁልፍ ይጠብቃል። በአንዳንድ ብሎኖች ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። የመጀመሪያው ቁጥር የብረቱን ጥንካሬ ያመለክታል፤ 4.6 ከተባለው ለስላሳ ብረት እጥፍ ይበረታል ማለት ነው። ነገር ግን ባለ 4.6ቱ የ10 ሚ.ሜ. ብሎን እንኳ ሲሳብ የሚበጠሰው ከ2 ሺህ ኪሎ ግራም በሚበልጥ ክብደት ነው። ከዚያ በፊት እንጨቱ ይደቃል። ስለዚህ ለጠረጴዛ ሥራ ለ8.8 ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ያንን ገንዘብ ለሮንዴላ እናውለው። ባለ 20 ሚ.ሜ. ሮንዴላ ትንሽ ስለሆነ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። ባለ 30 ሚ.ሜ. ሰፊው ሮንዴላ ጭነቱን ከሁለት እጥፍ ተኩል በሚበልጥ ስፋት ላይ ያሳርፈዋል። ሮንዴላ ከብሎኑ ራስ ሥርም፣ ከዳዶው ሥርም ይገባል።

የርዝመት ስሌት

ብሎን ከመግዛታችን በፊት እንጨቱን ልገን እንጨርስ፤ ከዚያ እንለካ። ለምሳሌ፦

እግር 70 ሚ.ሜ.
አግዳሚ 40 ሚ.ሜ.
ሁለት ሮንዴላ 5 ሚ.ሜ.
ዳዶ 8 ሚ.ሜ.
ከዳዶው አልፎ የሚወጣ ጥርስ 5 ሚ.ሜ.
ድምር 128 ሚ.ሜ.

እንግዲህ የሚገዛው ባለ 130 ሚ.ሜ. ነው። «ረጅም ይሻላል» ብሎ ባለ 150 መግዛት ስሕተት ላይ ይጥላል። ብዙ ጊዜ የዚህ ብሎን ጥርስ ከጫፉ 32 ሚ.ሜ. ብቻ ነው፤ የቀረው 118 ሚ.ሜ. ለስላሳ ነው። የእኛ እንጨትና ሮንዴላ ግን በድምሩ 115 ሚ.ሜ. ነው። ዳዶው ጥርሱ ካለቀበት ይቆምና መጋጠሚያው ሳይጠብቅ ይቀራል።

ሱቅ ውስጥ የምናየው

ከጎሮም ጁባ ገበያ ደርሶ መመለስ ገንዘብና ቀን ይበላል። ስለዚህ በአንድ ጉዞ እንድንጨርስ የሚከተሉትን እናስተውል።

1ኛ/ እያንዳንዱን ዳዶ በየብሎኑ ላይ በጣታችን እስከ ጥርሱ መጨረሻ እናዙረው። በየገበያው በሚሊ ሜትርና በኢንች የተሠሩ ብሎኖች ተደባልቀው ይገኛሉ። የኢንች ጥርስ ሥርዓት የመጣው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 (እ.ኤ.አ.) ካቀረበው ደንብ ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚ.ሜ. ስለሆነ በዓይን ሲታይ ከ12 ሚ.ሜ. ጋር ይመሳሰላል፤ ጥርሱ ግን አይገጥምም። በግድ ብናጠብቀው ጥርሱ ይበላል።

2ኛ/ ብሎኑን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ እናንከባልለው። የጎበጠ ከሆነ ይዘላል።

3ኛ/ አሮጌ ብሎን አንናቅ። የአዲስ አበባ መርካቶን ምናለሽ ተራ የሚያውቅ ሰው አሮጌ ብረት እንደገና ሥራ ላይ እንደሚውል ያውቃል። ላይ ላዩን የዛገ በሽቦ ብሩሽና በዘይት ይጸዳል፤ ጥርሱ በዝገት የተበላውን ግን እንተው።

4ኛ/ የምንፈልገው ርዝመት ከጠፋ ጥርስ ያለው የ1 ሜትር ዘንግ መግዛት ይቻላል። በብረት መጋዝ ቆርጠን፣ ጫፉን በሞረድ አስተካክለን፣ በሁለቱም በኩል ሮንዴላና ዳዶ እናስገባለን። ከመቁረጣችን በፊት አንድ ዳዶ ዘንጉ ላይ ብናስገባ፣ በኋላ ሲወጣ የተበላሸውን ጥርስ ያቃናልናል።

የሚገዛው ዕቃ

የጠረጴዛው አጭር ጎኖች በወንዴና ሴቴ ተጋጥመው በኮላ ቢያያዙ፣ ብሎን የሚያስፈልጋቸው አራቱ ረጃጅም አግዳሚዎች ናቸው። 4 አግዳሚ በ2 ጫፍ 8 መጋጠሚያ ይሆናል፤ በየመጋጠሚያው 2 ብሎን ስንል 16 ብሎን፣ 16 ዳዶ፣ 32 ሮንዴላ እንገዛለን። ለመጥፋትና ለመበላሸት ሁለት ሁለት እንጨምር። የመሰርሰሪያው ፑንታ 10 ወይም 10.5 ሚ.ሜ. ይሁን።

ከገጠምን በኋላ

ሮንዴላው እንጨቱን ጫን እስኪል ድረስ እናጥብቅ፤ ከሰመጠ በዝቷል። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም በጋው ሲገባና ሲያልቅ ቁልፍ ይዘን 16ቱንም እንዙር። ለዚህ ሩብ ሰዓት ይበቃል። የእኛ ሁለተኛው ጠረጴዛ እስካሁን የቆመው በዚህ ነው። እጁ የተቆረጠው ተማሪም ዛሬ በየወቅቱ ቁልፉን ይዞ የሚዞረው እሱ ነው።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሳይለኩ ገበያ መሄድ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

መልመጃ፦ እግሩ 80፣ አግዳሚው 50 ሚ.ሜ. ቢሆን ስንት ርዝመት ያለው ብሎን እንገዛለን? (መልስ፦ ድምሩ 148 ሚ.ሜ. ስለሚሆን ባለ 150 ይገዛል።)