የደን ምስክር ወረቀት ምንድን ነው? ገበሬውስ ከአሁኑ ምን ያዘጋጃል?

ገበያ የወጣ ሰው ማር ሲገዛ በጣቱ ቀምሶ፣ ጤፍ ሲገዛ በመዳፉ ዘግኖ፣ በሬ ሲገዛ ጥርሱን መርምሮ ነው። የጣውላ ገዥ ግን ጣውላውን በዐይኑ ቢያይ፣ በእጁም ቢዳስስ፣ ዛፉ የበቀለበትን ደን ሊያይ አይችልም። ዛፉ በፈቃድ ተቆርጦ ይሁን ወይም በሌሊት ተሰርቆ፣ በምትኩ ችግኝ ተተክሎ ይሁን ወይም መሬቱ ራቁቱን ቀርቶ፣ ይህ ሁሉ ከጣውላው ፊት ላይ አይነበብም። ሁለቱ ጣውላዎች በአንድ ዋጋ ከተሸጡ ደግሞ የሚጎዳው ደኑን በደንብ የያዘው ሰው ነው፤ የድካሙን ዋጋ የሚከፍለው የለምና።

ይህን ችግር ለማቃለል የተገኘው ዘዴ የደን ምስክር ወረቀት ይባላል። በዚህ ትምህርት የምስክር ወረቀቱ ምን እንደሆነ፣ አንድ አገር ይህን የመሰለ ሥርዓት እንዴት እንደሚያቋቁም፣ እርስዎም ባለ ጥቂት መሬት ገበሬ ቢሆኑ ወይም የደን ማኅበር አባል ቢሆኑ ከአሁኑ ምን ማዘጋጀት እንደሚገባዎ እናስረዳለን።

የምስክር ወረቀቱ ትርጉም

የደን ምስክር ወረቀት ማለት፣ በደኑም በንግዱም ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ወገን፣ ደኑ በተጻፈ ደንብ መሠረት በዘላቂነት መያዙን በቦታው ተገኝቶ ከመረመረ በኋላ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ባለ ደኑ ስለ ራሱ ቢናገር ምስክርነት አይባልም፤ ገዥውም ቢናገር እንዲሁ ነው።

«በዘላቂነት» የሚለውን ቃል ንብ የሚያነባ ሰው በቀላሉ ያውቀዋል። ማሩን አንድም ሳያስቀር ከቀፎው የሚቆርጥ ሰው ዘንድሮ ብዙ ማር ያገኛል፤ ንቦቹ ግን በረኃብ ይሰደዱና ለከርሞ ባዶ ቀፎ ይታቀፋል። ዐዋቂው ንበኛ ለንቦቹ የሚበቃቸውን ትቶ ይቆርጣል። ደንም እንደዚሁ ነው፤ የሚቆረጠው ከሚያድገው መብለጥ የለበትም።

ይህንኑ በቁጥር ያስቡት። ግማሽ ሄክታር መሬት ላይ ባሕር ዛፍ በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ቢተከል 1,250 ዛፍ ይይዛል። ቦታውን አምስት ላይ ከፍለው በየዓመቱ አንዱን ክፍል፣ ማለት 250 ዛፍ፣ ቢቆርጡ፣ በ6ኛው ዓመት ወደ መጀመሪያው ክፍል ሲመለሱ ከጉቶው ያቆጠቆጠው የ5 ዓመት ዕድሜ ይኖረዋል። ስለዚህ ቁርጡ አይቋረጥም። በአንድ ዓመት 500 የቆረጡ እንደሆነ ግን የሚመጣውን ዓመት ድርሻ ዛሬ በልተዋል ማለት ነው። በተፈጥሮ ደን ውስጥ ሒሳቡ ከዚህ ይከብዳል፤ የዛፉ ዓይነት ብዙ፣ እድገቱም ዝግ ያለ ስለሆነ፣ የሚቆረጠው ዛፍ እየተመረጠ፣ ዘር የሚሰጠውም እናት ዛፍ እየተተወ፣ በደን ባለሙያ በተዘጋጀ ዕቅድ ይሠራል።

አገር አቀፍ ሥርዓት እንዴት ይቋቋማል?

አንድ አገር የራሱን የደን ምስክር ወረቀት ሲያቋቁም ሦስት ሥራዎችን ለሦስት ልዩ ልዩ ወገኖች ማከፋፈል ይገባዋል።

1ኛ፤ ደንቡን የሚጽፍ ጉባኤ። በዚህ ጉባኤ ባለ ደኖች፣ ነጋዴዎች፣ በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ፣ የደን ሠራተኞችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ሊቀመጡ ይገባል።

2ኛ፤ በደንቡ መሠረት ደኑን እየዞረ የሚመረምር ድርጅት። ደንቡን የጻፈው ራሱ መርማሪ ከሆነ ሰው አያምነውም።

3ኛ፤ መርማሪውን የሚመረምር አካል። መርማሪው ጉቦ ቢበላ ወይም ሥራውን ቢያቃልል ፈቃዱን የሚነሣው ይህ ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክም የሚያስተምረን አለ። የደን አስተዳደር ምክር ቤት ወይም ኤፍ ኤስ ሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1993 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ተመሠረተ። በዚህ ማኅበር የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች፣ የሕዝብ ወገኖችና ነጋዴዎች በሦስት ተከፍለው እኩል ድምፅ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ በአውሮፓ ያሉ ባለ ጥቂት ደን ቤተሰቦች፣ ለትልቅ ኩባንያ የተሰፋው ልብስ ለእኛ አይሆነንም በማለት ከሌሎች ጋር ሆነው ፒ ኢ ኤፍ ሲ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ይህ ማኅበር እያንዳንዱ አገር የራሱን ሥርዓት እንዲሠራ ይተውና ሥርዓቱ ብቁ ሆኖ ሲገኝ ዕውቅና ይሰጠዋል።

የማሌዥያን ነገር እንመልከት። ይህች አገር የራሷን የጣውላ ምስክርነት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 አቋቋመች። ነገር ግን ሥርዓቷ የፒ ኢ ኤፍ ሲን ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በአገር ውስጥ ማኅተም መቅረጽ አንድ ነገር ነው፤ ማኅተሙ በውጭ ገበያ እንዲታመን ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዓመታትም ይፈልጋል።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር፣ ደንቡ በሚጻፍበት ጊዜ ትንሹ ገበሬ ከጉባኤው ከጎደለ፣ ደንቡ በኋላ ለእርሱ የማይቻል ይሆናል። ስለዚህ ማኅበርዎ ለምክክር የተጠራ እንደሆነ ሰው ሳይልክ አይቅር።

ከበለጠ ጌራ ደን የተገኘ ትምህርት

በአገራችን በጅማ ዞን ከሚገኘው ከበለጠ ጌራ ደን ውስጥ ቡና በራሱ ይበቅላል። በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት ዕርዳታ በዚያ የሚኖሩ ገበሬዎች «ዋቡብ» የሚባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት አቋቁመው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። የደን ቡናቸውም እ.ኤ.አ. በ2007 ሬይንፎሬስት አሊያንስ ከሚባለው ድርጅት የምስክር ወረቀት አገኘ። ይህ የቡና እንጂ የጣውላ ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ቢሆንም የተመሠረተው በአንድ ሐሳብ ነው፦ ደኑ ካልተጠበቀ ምስክርነቱ የለም።

የጃፓን ተመራማሪዎች ከሳተላይት በተነሡ ሥዕሎች ደኑን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የምስክር ወረቀት ባለው የደን ቡና ቦታ የደኑ ሁኔታ በጥቂቱ ሲሻሻል፣ በሌለው ቦታ ግን መጎዳቱን ገልጸዋል።

ይሁን እንጂ አንድ አደጋ አለ። የቡና ዋጋ ሲጨምር ገበሬው ቡናውን ለማብዛት ብሎ ከሥር ያለውን ቁጥቋጦና ለጋ ዛፍ ሁሉ ይመነጥራል። ከላይ ሲታይ ጥላው ዛፍ ቆሟል፤ ከሥሩ ግን ተተኪ የለም። ትልልቆቹ ዛፎች አርጅተው በወደቁ ጊዜ ደኑ አብሮ ይወድቃል። መልካም ደንብ የሚባለው እንግዲህ የቆመውን ዛፍ ብቻ ሳይሆን የሚተካውንም ለጋ ዛፍ የሚቆጥር ነው።

ወጪውን ማን ይችለዋል?

መርማሪ ድርጅት በነፃ አይሠራም። ለአንድ ገበሬ ብቻውን ወጪው ከደኑ ገቢ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የተገኘው መንገድ የማኅበር ምስክር ወረቀት ነው። ለምሳሌ ያህል የምርመራው ዋጋ 90,000 ብር ቢሆን፣ 60 አባላት ቢካፈሉት ለአንድ ሰው 1,500 ብር ይደርሰዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለው ነው።

ነገር ግን ማኅበር ጥቅሙን እንደሚያካፍል ጥፋቱንም ያካፍላል። መርማሪው የሁሉንም ማሳ አያይም፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን መርጦ ያያል። የአንዱ አባል ጥፋት ካልታረመ የሁሉም ወረቀት ሊታገድ ይችላል። ስለዚህ ማኅበሩ ከውጭው መርማሪ አስቀድሞ በራሱ ሰዎች አባላቱን በየዓመቱ መመርመር አለበት። ወዳጅን መመርመር ከባድ ነው፤ ይሁንና የአንዱን ጥፋት በይሉኝታ መሸፈን የሌሎቹን ሁሉ ልፋት ማጥፋት ነው።

ከአሁኑ የሚዘጋጁ ነገሮች

የሚከተሉት ሥራዎች የምስክር ወረቀት ቢመጣም ባይመጣም ይጠቅሙዎታል።

1ኛ፤ ወሰን። የደንዎን ወሰን ከጎረቤቶችዎና ከቀበሌው ጋር ሆነው ይዙሩ፤ በድንጋይ ወይም በዛፍ ምልክት ያድርጉበት። ክርክር ያለበት ወሰን ካለ መርማሪ ሳይመጣ በሽማግሌ ይጨርሱት።

2ኛ፤ የባለቤትነት ማስረጃ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግል፣ የማኅበር፣ የማኅበረሰብና የመንግሥት ደን በማለት ይለያል። ደንዎ በየትኛው ሥር እንደሆነ የልማት ሠራተኛውን ጠይቀው ይወቁ፤ የመሬት ደብተርዎን ወይም የማኅበሩን ውል በደኅና ቦታ ያስቀምጡ።

3ኛ፤ መዝገብ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የተቆረጠበትን ክፍል፣ የዛፉን ዓይነት፣ ቁጥሩን፣ ለማን እንደተሸጠ፣ በምትኩ ስንት ችግኝ እንደተተከለና ከክረምት በኋላ ስንቱ እንደጸደቀ ይጻፉ። የተተከለውን ብቻ ጽፎ የጸደቀውን አለመቁጠር ራስን ማታለል ነው። መጻፍ የማይችል ሰው ተማሪ ልጁን ያጽፍ።

4ኛ፤ ውኃ። በምንጭና በወንዝ ዳር ያለውን የአገር ዛፍ አይንኩ፤ ባሕር ዛፍም ከምንጭ አጠገብ አይትከሉ።

5ኛ፤ የሠራተኛ ደኅንነት። ዛፍ በሚጣልበት ቦታ ሕፃናትና ከብት አይቅረቡ፤ ለቀን ሠራተኛ የተነጋገሩትን ዋጋ በወቅቱ ይክፈሉ። መርማሪው ይህንንም ይጠይቃል።

6ኛ፤ ዕቃን አለመቀላቀል። ከደንዎ የወጣውን ግንድ ከሌላ ቦታ ከመጣው ለይተው ይከምሩ። ምንጩ ያልታወቀ አንድ ጭነት ከተቀላቀለ ምስክርነቱ ከንቱ ይሆናል።

መርማሪው የመጣ ዕለት

መርማሪው መዝገቡን ካነበበ በኋላ ወደ ደኑ ገብቶ ጉቶ ይቆጥራል። በመዝገቡ 40 ተጽፎ በመሬት ላይ 70 ጉቶ ከተገኘ ነገሩ ተበላሸ። ጎረቤቶችን፣ ሴቶችንና እረኞችን ለብቻቸው ይጠይቃል፤ ማገዶ የሚለቅሙበት መንገድ ተዘግቶባቸው እንደሆነ ከእነርሱ ይሰማል። ጉድለት ቢያገኝ ወዲያው ወረቀቱን አይነሣም። በኤፍ ኤስ ሲ ደንብ ለትንሽ ጉድለት አንድ ዓመት፣ ለከባድ ጉድለት ሦስት ወር የማረሚያ ጊዜ ይሰጣል። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ5 ዓመት ሲሆን፣ በመካከሉ በየዓመቱ ምርመራ አለ። ስለዚህ ጉድለትን መደበቅ አያዋጣም፤ አሳይቶ ማረም ይሻላል።

የምስክር ወረቀት የማያደርገው ነገር

የምስክር ወረቀት ገዥ አያመጣም፤ ገዥ ሲመጣ እንዲያምን ያደርጋል እንጂ። ስለዚህ ማኅበሩ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት፣ ለዚህ ወረቀት ዋጋ የሚጨምር ገዥ ማን እንደሆነና ምን ያህል እንደሚጨምር ይጠይቅ። አጠናውን ለሰፈር ቤት ሠሪ ብቻ የሚሸጥ ገበሬ ወረቀቱ ገንዘብ ላያመጣለት ይችላል፤ መዝገቡና ወሰኑ ግን ይጠቅሙታል።

የመንግሥታትንም ሕግ አይተካም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ፣ ቡናና እንጨት ከሚገኙባቸው ዕቃዎች መካከል፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.) በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣውን ወደ ገበያው እንዳይገባ ከልክሏል። ደንቡ በሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ይህ የመሬት ቀን ግን አልተለወጠም። የማሳውም ቦታ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል። የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ አይወጣም። ነጥቡን ለማስነሣት የመጣ ባለሙያ ሲያገኙ ማሳዎን ያሳዩ፤ የተመዘገበውንም ቁጥር በደብተርዎ ላይ ይገልብጡ።

በጠቅላላው የምስክር ወረቀት መልካም ደን አይፈጥርም፤ መልካም ደን የሚፈጥረው ባለ ደኑ ነው። ወረቀቱ የሚመሰክረው በመሬት ላይ ያለውን ነውና፣ አስቀድሞ የሚመሰከርለት ነገር ይኑር።

በማኅበር ስብሰባ ላይ የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት ከደናችን ስንት ዛፍ ተቆረጠ? ይህን የሚያሳይ ጽሑፍ አለን?
2. ከተከልነው ችግኝ ውስጥ ስንቱ ጸደቀ? ያልጸደቀውስ ስለ ምን ደረቀ?
3. በወሰናችን ላይ ክርክር ያለው ጎረቤት ማን ነው? ከመጪው ክረምት በፊት እንዴት እንጨርሰው?
4. ከአባላት አንዱ ደንቡን ቢጥስ ማን ይነግረዋል? ቅጣቱስ በመተዳደሪያ ደንባችን ተጽፏል?