የትኛው ሙሐመድ ነው?



ዛሬ ከአንዋር መስጊድ ሰግዳችሁ ስትወጡ ወደ ምን አለሽ ተራ ጎራ በሉ። አሮጌ በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ያለቀለት ጎማ ጫማ ይሆናል። ቆራሌው ያመጣው ብረት ግን ሚዛን ላይ ሳይወጣ ማንም አይገዛውም።

ይህን ያነሳሁት ስለ ኦንላይን ኮርስ ላወራችሁ ነው። በሐምሌ 2016 ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ዳታ ሳይንስም የኤአይ መሠረታዊ ትምህርትም በነፃ ይሰጣል። ሰርተፍኬታችሁን ስትለጥፉ አይተናል፣ ማሻአላህ! አሁን የአባታችሁን የዱቤ ደብተር ለቻትቦት ሰጥታችሁ “ማን ስንት አለበት?” ብላችሁ ጠየቃችሁ እንበል።

ቻትቦት እንደ ካልኩሌተር አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው፤ የተሳሳተ ድምርም ምንም ሳያቅማማ ይነግራችኋል። ስለዚህ “ደምርልኝ” ከማለት “የኤክሴል ቀመሩን ጻፍልኝ” በሉትና ሒሳቡን ኤክሴል ይሥራው።

የእኛ ደብተር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አንዱ ገጽ ላይ ሙሐመድ፣ ሌላው ላይ መሐመድ፣ ሦስተኛው ላይ ሞሀመድ ተጽፏል። አንድ ሰው ነው ወይስ ሦስት? ማሽኑ ሁለቱን አንድ ካደረጋቸው የአንዱ ዕዳ በሌላው ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ ያውም ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ በሚውል ሰው ላይ! ቀኑም ያሳስታል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን 5/13/2016 ብላችሁ ብታስገቡ፣ በአሜሪካኖች አጻጻፍ “ሜይ 13” ብሎ ሊያነበው ይችላል። ያኔ ዕዳው በአንድ ጊዜ ከ8 ዓመት በላይ ያረጃል።

ከቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ ስለ ዕዳ አጻጻፍ መሆኑን ታውቃላችሁ። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ ያዛል። ቻትቦት አላህ ፊት አይቆምም፤ ያስጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። የሰው ስምና ስልክም አማና ነው፤ “ደንበኛ 1፣ ደንበኛ 2” ብላችሁ አስገቡ።

ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ብቻ ውሰዱ። መጀመሪያ በእጃችሁ ደምሩ፣ ከዚያ ቻትቦቱ በሰጣችሁ ቀመር አስልታችሁ አስተያዩት። አባታችሁ አጠገባችሁ ይቀመጡ፤ የትኛው ሙሐመድ እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።