ትራክ 01 የማን ነው?

በልደታ የቀላል ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ከተደረደሩት ጠባብ ሱቆች ባንዱ፣ የሚኒባስ ሾፌር ፍላሹን ከቁልፍ መያዣው ፈትቶ ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል። «ያለውን አጥፋና አዳዲስ ጫንልኝ፤ የጥላሁንን ግን እንዳትነካብኝ» ይላል። የሱቁ ልጅ ፍላሹን ሰክቶ ዝርዝሩን ሲከፍት እጁን ከማውሱ ላይ ያነሳል። «ጋሼ፣ የትኛውን ጥላሁን?»

ልጁ እውነቱን ነው። ስክሪኑ ላይ «ጥላሁን ገሠሠ» አለ፤ ዝቅ ብሎ «ጥላሁን ገሰሰ» አለ፤ ከዚያ ደግሞ በላቲን ፊደል፣ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ የተጻፈ ጥላሁን አለ። ለሰው አራቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን አራት የማይተዋወቁ ድምፃውያን ናቸው። ከእነሱ በታች «ትራክ 01»፣ «ትራክ 02» እያሉ የሚቀጥሉ ስም አልባ ፋይሎች ተኮልኩለዋል። የትኛው የጥላሁን እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ ከፍቶ ከመስማት በቀር መላ የለም።

ብዙ ሰው የዘፈኑ ስም ማለት ፎልደሩ ውስጥ የሚታየው የፋይል ስም ይመስለዋል። የፋይሉ ስም የውጭ ልብስ ነው፤ ማንም በሁለት ጠቅታ ይቀይረዋል። ኤምፒስሪ ፋይል ከድምፁ ጋር አብሮት የሚዞር ትንሽ መዝገብ በውስጡ አለው። ታግ ይባላል። ርዕሱ፣ ድምፃዊው፣ አልበሙ፣ ዓመቱ፣ ተራ ቁጥሩ፣ የሽፋኑ ሥዕል ሳይቀር እዚያ ይገባሉ። ስልክ ዘፈኖችን በድምፃዊ ወይም በአልበም ሲመድብ የሚያነበው ይህን መዝገብ ነው።

መዝገቡ ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤሪክ ኬምፕ የተባለ ሰው ከፋይሉ መጨረሻ ላይ 128 ባይት የምትይዝ ማስታወሻ መለጠፍ ጀመረ፤ አይዲስሪ የሚባለው ታግ የተወለደው ያኔ ነው። ለርዕስ 30 ባይት፣ ለድምፃዊ 30፣ ለአልበም 30፣ ለዓመት 4 ተመደበ። ለእንግሊዝኛ 30 ባይት ማለት 30 ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በሚመዘግበው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዛሬ በስፋት በሚሠራበት፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ» ብሎ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ የሚጽፍ ሰው «የክብር ዘበኛ ኦር» ላይ ይቆረጥበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሁለተኛው የአይዲስሪ ትውልድ ይህን ገደብ አንስቶታል። ሆኖም አሮጌዋ 128 ባይት ዛሬም ብዙ ፋይሎች ጭራ ላይ ተለጥፋ ትገኛለች፤ አንዳንድ የቆየ ማጫወቻም ከእሷ ሌላ አያነብም።

«ትራክ 01» የሚለውስ ከየት መጣ? ከሲዲው ነው። ተራ የሙዚቃ ሲዲ ላይ ስንት ዘፈን እንዳለና እያንዳንዱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ተጽፏል፤ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም። ስሙ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። ኮምፒውተር ሲዲውን ሲገለብጥ ስም ስለማያገኝ ቁጥር ይሰጠዋል። ገልባጩ ወረቀቱን አይቶ ካልሞላው ዘፈኑ ስሙን የሚያጣው በዚያች ደቂቃ ነው።

የቀድሞዎቹ ሥራዎች ደግሞ ከዚያም በፊት ተጎድተዋል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ ማሳተም በጀመራቸው ሸክላዎች መሐል ላይ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም በክቡ ወረቀት ታትሞ ነበር። ሸክላው ወደ ካሴት ሲቀዳ ክቡ ወረቀት ቀረ፤ ካሴቱ ወደ ኮምፒውተር ሲቀዳ ሽፋኑ ቀረ። ድምፁ ሦስት ቤት ሲቀይር ስሙ በየደጃፉ ተረሳ።

አሁን ወደ ልጁ ኮምፒውተር እንመለስ። በፍላሹ ላይ ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ፤ አንዳንዱ ዘፈን ስሙ ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሮበታል፣ ሌላው ላይ ደግሞ የፈረንሳይኛ የሚመስሉ ጭረት ያለባቸው ፊደሎች ተዝረክርከዋል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ብልሽት ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው ግን የሞተና የታመመ ያህል ነው። የጥያቄ ምልክቱ፣ አንድ ፕሮግራም ፊደላችንን ሲያጣው በምትኩ የጻፈው ነው፤ የነበረው ስም ጠፍቷል፣ እንደገና ከመጻፍ ውጪ መፍትሔ የለውም። የተዝረከረከው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። በዩቲኤፍ-8 የተጻፈው አማርኛ በላቲን ሕግ ሲነበብ የሚፈጠር ነው። መለያም አለው፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ በዚያ አጻጻፍ የሚጀምረው በአንድ ዓይነት ባይት ስለሆነ፣ በላይዋ ጭረት ያለባት ትንሿ ኤ በየመሐሉ እየተመላለሰች ትታያለች። እሷን ያየ ሰው ስሙ ከሥር እንዳለ ይወቅ፤ ፋይሉን ከማጥፋቱ በፊት የአነባበቡን ሕግ ወደ ዩቲኤፍ-8 መቀየር የሚችል ፕሮግራም ይፈልግ።

ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ ዋናዎቹም ክፍያ አይጠይቁም። ጀርመናዊው ፍሎሪያን ሃይደንራይኽ የሠራው ኤምፒስሪታግ በዊንዶውስ ላይ በነፃ ይሠራል፤ በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ባንድ ጊዜ መርጦ ድምፃዊውን አንዴ መጻፍ ይቻላል። ኪድስሪ የተባለው ደግሞ ከኮምፒውተር ሌላ በአንድሮይድ ስልክም ላይ ስለሚሠራ ኮምፒውተር ለሌለው ሰው ይሆናል። ሦስተኛው፣ ሙዚክብሬንዝ ፒካርድ፣ መንገዱ ለየት ይላል፤ ዘፈኑን «ሰምቶ» የድምፅ አሻራ ያወጣና በጎ ፈቃደኞች ከሞሉት የዓለም መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ለሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች ጥሩ ረዳት ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸው የኢትዮፒክስ አልበሞች በዓለም ዙሪያ ስለተሰራጩ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። አገር ውስጥ በካሴት ብቻ ለወጣ ሥራ ግን ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ማንም ያላስገባውን ዘፈን ማሽን አያውቀውም።

ከመነካካት በፊት ግን ፍላሹ እንዳለ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ታግ ማረም ድምፁን አይነካም፤ የዘፈኑ ጥራት አይቀንስም አይጨምርምም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ መቶ ፋይል መርጦ በስህተት «አስቴር አወቀ» ብሎ ያስቀመጠ ሰው፣ ቅጂ ከሌለው መቶ ዘፈን አንድ በአንድ ሊያስተካክል ነው። ከዚያ ፕሮግራሙ ሁለተኛውን የአይዲስሪ ትውልድ በዩኒኮድ እንዲጽፍ፣ አሮጌዋን 128 ባይት ደግሞ እንዲተዋት በማስተካከያው ውስጥ ይታዘዛል። የጥያቄ ምልክቶቹ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከእሷ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ጉዳይ የአማርኛ ሰሚ ብቻ የሚያውቀው ፈተና ነው። ገጣሚዋ ዓለምፀሐይ ወዳጆ ለበርካታ ድምፃውያን ግጥም ሰጥታለች። ስሟን የሚጽፍ ሰው ግን መጀመሪያ ላይ ከዓ፣ ከዐ፣ ከአ እና ከኣ አንዱን ይመርጣል፤ ከዚያ ከፀ እና ከጸ፤ ከዚያ ከሐ፣ ከሓ፣ ከሀ፣ ከሃ፣ ከኀ እና ከኃ። ሲባዛ 48 ዓይነት ዓለምፀሐይ ይወጣል፤ ሲነበቡ ሁሉም አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያዩ። ስለዚህ አንድ ወረቀት ይያዝ። የስሙ ባለቤቶች በአልበማቸው ሽፋን ላይ የተጠቀሙበት አጻጻፍ ይመረጥና ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከወረቀቱ ይቀዳ እንጂ ከጆሮ አይጻፍ። በላቲን ፊደል የሚጽፉም ከዚህ አያመልጡም፤ ኢትዮፒክስ የፈረንሳይኛ ጆሮን ተከትሎ አናባቢዎቹ ላይ ጭረት እያደረገ ሲጽፍ፣ አሜሪካ ያለው ወገናችን በእንግሊዝኛ ልማድ ይጽፋል።

አንዳንድ የውጭ ፕሮግራም ደግሞ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይገለብጠዋል፤ ሙሉቀን መለሰ «መለሰ፣ ሙሉቀን» ተብሎ ከሁለተኛው ስሙ ሥር ይገባል። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። ለአደራደር የሚሆን ለብቻው የተሰጠ ሳጥን ስላለ እዚያም ስሙ እንዳለ፣ ሳይገለበጥ ይጻፍ።

ዓመቱም እንዲሁ ያሳስታል። የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» በ1997 ዓ.ም. ወጣ፤ «ጥቁር ሰው» በ2004 ዓ.ም.። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ከኢንተርኔት አይቶ 2005፣ ሁለተኛውን ከሽፋኑ አይቶ 2004 ብሎ ቢሞላ፣ ማጫወቻው «ጥቁር ሰው»ን ከ«ያስተሰርያል» አንድ ዓመት አስቀድሞ ያሰልፈዋል። ፕሮግራሞቹ የሚጠብቁት የአውሮፓውያኑን ዘመን ስለሆነ የዓመት ሳጥኑ ላይ እሱ ይሁን፤ የእኛው ዓመተ ምሕረት በማስታወሻ ሳጥኑ ውስጥ ሙሉ ቦታ አለው።

የሙዚቃ ዓይነት የሚለው ሳጥን የሚገርም ታሪክ አለው። በአሮጌው ታግ የሙዚቃ ዓይነት የሚጻፈው በቃል ሳይሆን በቁጥር ነበር፤ 80 ዓይነቶች ተዘርዝረው ዜሮ ቁጥር ለብሉዝ ደረሰው። ሳይሞላ የቀረ ፋይል ላይ አንዳንድ ፕሮግራም ዜሮ ስለሚያስቀምጥ፣ መዝሙርም ይሁን የሠርግ ዘፈን «ብሉዝ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። በአዲሱ ታግ የፈለጉትን ቃል መጻፍ ይቻላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ግን ቅኝቶች ናቸው፤ በአንድ ቅኝት ዘመናዊም የባህልም ዘፈን ይዜማልና የዓይነቱን ሳጥን ለቅኝት ማዋል ነገር ያደባልቃል።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሳጥን ግን ማንም የማይከፍተው ነው። የካሴት ሽፋን ይዞ ያደገ ሰው ሦስት ቃላት ያስታውሳል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ሰዉ ዘፈኑን በዘፋኙ ስም ይጠራው እንጂ ከጀርባው ሦስት ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ታጉ ለገጣሚም፣ ለዜማ ደራሲም፣ ለአቀናባሪም ቦታ አለው። የኤልያስ መልካን ሥራ እንመልከት፤ የእዮብ መኮንንን «እንደ ቃል» ያቀናበረው እሱ ነው፣ ከዘሪቱ ከበደ የመጀመሪያ አልበም ጀርባም እሱ አለ። በድምፃዊ ብቻ በተመደበ ስልክ ላይ ኤልያስ የለም። የአቀናባሪው ሳጥን ከተሞላ ግን ስሙን የፈለገ ሰው ከተለያዩ ድምፃውያን አልበሞች ሥራው ተሰብስቦ ይመጣለታል። ኤልያስ ራሱ ከሙያ አጋሮቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ አቅርቦ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለየ። እንዲህ ባለው ገበያ ላይ ገንዘቡ ለትክክለኛው ሰው የሚደርሰው የገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስም በትክክል ከተመዘገበ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የአንድ ሥራ አመንጪ በስሙ የመታወቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዘፈን ሳይከፈልበት ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲጫን ባለሙያው ገቢውን ያጣል፤ ስሙም አብሮ ሲጠፋ ሁለተኛ ጊዜ ይበደላል።

ልጁ ኤምፒስሪታግን ከፍቶ አራቱን ጥላሁኖች አንድ አደረጋቸው፤ በ«ገሠሠ»፣ በሁለቱ ንጉሡ ሠ። የፋይሎቹን ስም ግን በላቲን ፊደል፣ ከፊት ቁጥር እያደረገ ጻፈው፤ የሚኒባሱ ቴፕ ፊደላችንን ሲያገኝ ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳየው። በዚያች ትንሽ ዘዴ ስልኩ አማርኛውን ያነባል፣ ቴፑም አይደናገርም።

ስም አልባዎቹ ቀሩ። ፕሮግራሙ የአንዱንም አሻራ አላወቀም። ልጁ ስፒከሩን ከፍ አድርጎ «ትራክ 01»ን ለቀቀው፤ ሾፌሩ ሳክስፎኑ ገና ሲገባ «የማህሙድ ነው» አለ። ሁለተኛውን የብዙነሽ፣ ሦስተኛውን የዓለማየሁ እያለ ሄደ። ልጁ እየተከተለ ጻፈ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ ጭንቅላቱን ወዘወዘ፤ በር ላይ የቆመች ደንበኛም አዳመጠችና አላወቀችውም። ልጁ የድምፃዊውን ሳጥን ባዶውን ተወው። ማስታወሻው ላይ ግን «ከካሴት የተቀዳ፣ የሴት ድምፅ፣ አኮርዲዮን አለው፤ የሚያውቅ ይጠየቅ» ብሎ ጻፈና ፍላሹን ነቀለ።