የጥጃ አንጀት በማኅፀን ውስጥ እንዴት ይሠራል? መውጫው ሳይከፈት የተወለደስ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል?

ላም ስትወልድ ብዙዎቻችሁ ጥጃው መቆሙንና መጥባቱን ትመለከታላችሁ። ጅራቱን ገልጦ ከሥሩ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጥጃው ሆዱ ተነፍቶ፥ ጀርባውን አጉብጦ፥ ጅራቱን ሰቅሎ ሲያምጥ ይገኛል። ያን ጊዜ «ዓይን በላው» ይባላል። ነገር ግን የጥጃው ጉዳት የደረሰበት ከመወለዱ ሰባት ወር ያህል አስቀድሞ፥ ገና በማኅፀን ሳለ ነው። ነገሩን ለመረዳት አንጀት ከምን እንደሚነሣ ማወቅ ይጠቅማል።

ላም ካረገዘች አንድ ወር ሲሞላት የፅንሱ ርዝመት ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አስቀድሞ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ የነበረው አካል ጎንና ጎኑ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ ሲገናኝ፥ በውስጡ ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጋ አንድ ቀጭን ቱቦ ይገኛል። ሆድና አንጀት የሚሆነው ይህ ቱቦ ነው። ከፊተኛው ወገን የምግብ መውረጃው፥ ሆዱና ጉበቱ ይበቅላሉ። ከብት አርዳችሁ ስትበልቱ የምታውቋቸው ጨጓራና ሽንፍላ ሳይቀሩ በመጀመሪያ አንድ እብጠት ነበሩ፤ ሁለት ወር ሲሞላ አራቱ የሆድ ክፍሎች ተለይተው ይታያሉ።

የመካከለኛው ክፍል ከሆዱ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል። ስፍራው ስለማይበቃው ለጥቂት ጊዜ ወደ እትብቱ ውስጥ ይወጣና እየተጠማዘዘ ተመልሶ ይገባል። በእምብርቱ ላይ ያለው በር በሚገባ ሳይዘጋ ጥጃው የተወለደ እንደ ሆነ አንጀቱ ወደ ቆዳው ሥር ይወጣል፤ ይህም የእምብርት ቡአ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ግን የኋለኛው ጫፍ ነው። በመጀመሪያ የእበቱና የሽንቱ መንገድ ወደ አንድ ጓዳ ይገቡ ነበር። በኋላ ግድግዳ በመካከላቸው ይበቅልና ሁለቱን ይለያቸዋል፤ በስተ ውጭ የሸፈነውም ስስ ቆዳ ተቀዶ ፊንጢጣው ይከፈታል። ቆዳው ሳይቀደድ የቀረ እንደ ሆነ ጥጃው ያለ መውጫ ይወለዳል። ግድግዳው ያልተፈጸመ እንደ ሆነ ደግሞ በሴቲቱ ጥጃ እበቱ በብልቷ በኩል ይወጣል። እንዲህ ያለችው ጥጃ ብዙ ጊዜ ስለምትቆይ ባለቤቷ ደኅና ናት ብሎ ያሳድጋታል። ይህ በበግ፥ በፍየልና በአሳማ ግልገልም ይገኛል።

እንግዲህ ጥጃ በተወለደ ሰዓት ጅራቱን ገልጣችሁ እዩ። እንገሩን ወዲያው ይጥባ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያ ጠቆር ያለው ተጣባቂ የመጀመሪያ እበት መውጣት አለበት። ፊንጢጣው ከሌለና ጥጃው ሲያምጥ ከጅራቱ ሥር ቆዳው ወደ ውጭ የሚወጠር ከሆነ፥ የአንጀቱ ጫፍ ቅርብ ነውና ተስፋ አለ። የእንስሳት ሐኪም አደንዝዞ፥ ቆዳውን ቀዶ፥ የአንጀቱን ጫፍ ከቆዳው ጋራ ይሰፋዋል። በመጀመሪያው ቀን የደረሰ ይድናል፤ በአራተኛው ቀን የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም።

በቤት ቢላዋ መቅደድ አይገባም። ቁስሉ ይመግላል፤ ተመልሶም ይዘጋል። የሚያስቀምጥ መድኃኒትም አታጠጡ። እኔ ሥራ በጀመርሁበት ዘመን ሆዱ ለተነፋ ጥጃ፥ ጅራቱን እንኳ ሳላነሣ፥ የተልባ ውኃ እንዲሰጠው አዝዤ ነበር። መውጫ የሌለው እንስሳ ሆዱን ማላላት ሞቱን ማፋጠን ነው፤ ጥጃውም በማግሥቱ ሞተ። ባለቤቲቱ አልወቀሱኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሌላም አሳሳች ነገር አለ። ፊንጢጣው ተከፍቶ ሳለ እበት የሌለው፥ ነጣ ያለ ንፍጥ ብቻ የሚወጣው ጥጃ አለ። የዚህ ጥጃ ደንዳኔው በመካከል ተቋርጧል። ቀዶ ጥገናው ከባድ ስለ ሆነ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ይህ ጉዳት በተለይ በሆልስታይን ፍሪዥያን ዝርያ ታይቷል። ላሟ ካረገዘች 42 ቀን ሳይሞላት እጅ አስገብቶ ፅንሱን መዳሰስ ከዚህ ጉዳት ጋራ እንደሚያያዝ ተመልክቷል። ስለዚህ «አርግዛ እንደ ሆነ ቶሎ እይልኝ» እያላችሁ አዳቃዩን አታጣድፉት። ሁለት ወር ቢጠበቅ ምን ይጎዳል?

ጉዳቱ በዘር የሚመጣበት ጊዜ አለ። የዳነውን ወይፈን ለኮርማነት አታስቀሩት፤ አኮላሽታችሁ አደልቡት። በብልቷ እበት የሚወጣት ጊደርም አትጠቃ። ያንኑ ላም ለዚያው ኮርማ አትመልሱ። የልማት ሠራተኛም እንዲህ ያለ ጥጃ ባየ ቁጥር የእናቲቱንና የኮርማውን ማንነት፥ በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለች እንደ ሆነም የአባላዘሩን ቁጥር በመዝገብ ይጻፍ። በአንድ ቀበሌ ከአንድ ኮርማ ሁለት እንዲህ ያሉ ጥጆች የተገኙ እንደ ሆነ ኮርማው ከሥራ ይውጣ።

ሊድን የማይችለውን ጥጃ ሲያምጥ ከማቆየት ፈጥኖ ማረድ ይሻላል። መርፌ ተወግቶ እንደ ሆነ ግን ሥጋው ለሰው የሚሆነው ከስንት ቀን በኋላ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።