ውኃ በድርብርብ አፈር ውስጥ

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 እንዳስረዳው፣ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ በግፊቱ ልክ ይጨምራል፤ በአሸዋው ውፍረት ልክ ይቀንሳል። አፈሩ ድርብርብ ሲሆን የየንብርብሩ ተቃውሞ ይደመራል። ለምሳሌ ውኃ የማሳለፍ አቅሙ በቀን 9 ሜትር የሆነ 9 ሜትር አሸዋ፣ አቅሙ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነ 1 ሜትር ሸክላ አፈር ላይ ተነጥፏል እንበል። ውፍረት ለአቅም ሲካፈል የአሸዋው ተቃውሞ 1 ቀን፣ የሸክላው 1000 ቀን ይሆናል። ስለዚህ የውኃውን ጉዞ የሚወስነው ከጠቅላላው ውፍረት አንድ አሥረኛ የሆነው ሸክላ ነው።

በመሆኑም በድርቅ በተጠቃ አካባቢ ኩሬ ሲቆፈር፣ ጥልቀት ለመጨመር ሲባል ሸክላውን መብሳት አይገባም፤ ውኃውን የሚይዘው እርሱ ነውና። የውኃ ጉድጓድ ከሸክላው በታች የሚቆፈር ከሆነም፣ የተቀዳውን ውኃ በላዩ የሚዘንበው ዝናብ ፈጥኖ እንደማይተካው በቅድሚያ ሊታሰብበት ይገባል።